በአባታችን የስፌት መኪና ላይ ያለው ቁጥር

መስከረም 14

ጋሼ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

ደብዳቤዎ ሰኞ ደረሰኝ። የጨርቅ ነጋዴው ከጥቅሎቹ ጋር አስረክቦኝ፣ ቁጭ እንኳ ሳይል ሄደ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ተናደድኩ፣ ቀጥሎ ሳቅሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ መጥተው ከእኔ ጋር ይኑሩ፣ አንድ ክፍል ባዶ ነው ስልዎት፣ አንድ ጊዜ ደረጃው ለጤና ይበጀኛል፣ አንድ ጊዜ ማተሚያ ቤቱ መልሶ ሊጠራኝ ይችላል ሲሉኝ ኖሩ። አሁን ደግሞ ውርርድ።

ይሁን፣ ተስማምቻለሁ። ኋላ እንዳይክዱኝ ቃልዎን እንዳለ ገልብጫለሁ፦ «በአባባ የስፌት መኪና ላይ ያለውን ቁጥር ያለ ቀሪ የሚያካፍል ቁጥር ከተገኘ፣ ሻንጣዬን ይዤ እመጣለሁ። ካልተገኘ፣ እስክሞት ድረስ ይህን ነገር አታንሺብኝ።» አንድ እና ቁጥሩ ራሱ እንደማይቆጠሩ አውቃለሁ። በእነሱ አልከራከርም።

መኪናዋ እዚሁ ስፌት ቤቴ ጥግ ላይ ናት። መስፋት ከተወች ቆይታለች፤ ሠራተኞቼ ቦርሳ ያስቀምጡባታል። ከክንዷ ሥር ያለችውን የነሐስ ሰሌዳ በነዳጅ ጠረግኋት። ቁጥሩ 7,260,317 ነው። ሦስት ጊዜ ገለበጥኩት፣ ሦስቱም አንድ ናቸው። ተንበርክኬ ስጽፍ ጨርቅ ቆራጩ አይቶ፣ እትዬ መርፌ ጠፋብዎት ወይ አለኝ።

አባባ ደንበኛ ሲበዛበትና እኛ ስንረብሽ ይህንኑ ቁጥር በጠመኔ ወለሉ ላይ ጽፎ፣ «አካፍላችሁ አምጡልኝ» ይለን ነበር። እርስዎ እስከ ሃምሳ ደርሰው ተዉት። እኔ ሦስት ላይ አለቀስኩ። አባባ መልሱን የሚያውቅ አይመስለኝም፤ ዝም እንድንልለት ነው። ግን ከሰባት ሚሊዮን በላይ የሆነ ቁጥር አንድ አካፋይ ያጣል ብዬ አላምንም። ክፍሉን ቀለም ላስቀባው ነው።

ስለ ዓይንዎ ጠይቄዎት ነበር። በደብዳቤው ውስጥ ፈልጌ አጣሁት።

እህትዎ ቁልፌ
(የሸሚዝ ቁልፍ የዋጥኩት አራት ዓመቴ ላይ ነው። ይኸው ሃምሳ አምስት ሞላኝ፣ ስሙ አልለቀቀኝም።)


መስከረም 29

ቁልፌ፣ ለጉልበትሽ ሙቅ ጨርቅ ያዢበት። ዓይኔ ደህና ነው። መነጽሬ ነው ያረጀው።

ቀለም ለማስቀባት አትቸኩዪ። ይህ ሥራ እንደመሰለሽ በአንድ ከሰዓት የሚያልቅ አይደለም፤ ስለዚህ ሥርዓት እናብጅለት።

አንደኛ፣ ሁሉንም ቁጥር መሞከር የለብንም። ሁለት ካላካፈለው አራትም ስድስትም አያካፍሉትም። የምንሞክረው ብቸኛ ቁጥሮችን ብቻ ነው፤ ከአንድና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የሌላቸውን። ደግሞም ከ2,694 በላይ አንሄድም። 2,695 በራሱ ሲበዛ ከቁጥራችን ያልፋልና፣ ከዚያ በላይ አካፋይ ቢኖር ጓደኛው ከዚያ በታች ይገኝ ነበር። የሚሞከሩት አራት መቶ ግድም ናቸው። ዝርዝሩን አዘጋጅቼ ልኬልሻለሁ።

ሁለተኛ፣ እንከፋፈላቸው። በ3 እና በ7 የሚያልቁት ያንቺ፣ በ1 እና በ9 የሚያልቁት የእኔ። በየመስመሩ አካፋዩን፣ ድርሻውን እና ቀሪውን እንጽፋለን። ወረቀቱን እየላክን አንዳችን የሌላችንን እናርማለን። ማተሚያ ቤት ሳለሁ የራሱን ሥራ ራሱ የሚያርም ሰው አልነበረንም። ለሰው የራሱ ስህተት እንደ ራሱ ሽታ ነው፣ አይሰማውም።

ሦስተኛ፣ የምታርሚው በዘጠኝ ፈተና ነው። በልጅነትሽ አስተምሬሻለሁ፤ እንደረሳሽው ደግሞ አውቃለሁ። የቁጥራችንን አሃዞች ደምሪ፣ 26 ይመጣል። ሁለትና ስድስት ስምንት። ስምንትን ያዢ። አሁን ሰባትን ላሳይሽ። ሰባት ሲያካፍለው ድርሻው 1,037,188፣ ቀሪው 1 ነው። የድርሻውን አሃዞች ብትደምሪ መጨረሻው 1 ነው። ሰባት ጊዜ አንድ ሰባት፣ ቀሪውን አንድ ስትጨምሪ ስምንት። ገጠመ። ካልገጠመ አንድ ቦታ ስህተት አለ።

አንድ ጉድለት አለው፤ ዘጠኝን አያይም። ስህተቱ ልክ ዘጠኝ ወይም የዘጠኝ ብዜት ከሆነ ፈተናው ያሳልፈዋል። በሠላሳ አንድ ዓመት የእርማት ሥራዬ ውስጥ ሁለቴ ያመለጠኝ በዚህ ነው።

ወንድምሽ


ጥቅምት 21

ጋሼ፣ ስለላክሁልዎት ትራስ አያመሰግኑኝ። ከቁርጥራጭ ነው የሰፋሁት።

አስራ ሦስት 12 ቀረው። ሃያ ሦስት 22 ቀረው። ሁለቱም አንድ ብቻ ነው የጎደላቸው። አንድ! ሃያ ሦስት ላይ ሻንጣዎን በዓይነ ኅሊናዬ በር ላይ አስቀምጬው ነበር። ከዚያ ወዲህ ቁጭ ብሎ መብላት እንቢ ብሎኛል። በቆምኩበት አካፍላለሁ። ትናንት በልብስ መቁረጫ ወረቀት ጀርባ 43ን ሠርቼ ረሳሁት፤ ቆራጩ የእጅጌ ልክ መስሎት ሊቆርጥበት መቀስ አነሣ። ቀሪው 25 ነው፤ 25 ሴንቲ እጅጌ ለማን ይሆናል አለኝ።

አሁን የምጽፈውን ሳይቆጡ ያንብቡልኝ። የጨርቅ ነጋዴው ደብዳቤዬን ሲያደርስልዎት ግራ ዓይንዎ በጨርቅ ተሸፍኖ እንዳየ ነገረኝ። ደግሞ ሃምሳ ሁለቱን ደረጃ ግድግዳውን በእጅዎ እየዳበሱ ወረዱ አለኝ። እሱ ነገር የሚያጋንን ሰው አይደለም፤ ስለ ጨርቁ እንኳ አይዋሽም።

የእኔን ወረቀት አያይዣለሁ። ከ3 እስከ 400።

ቁልፌ


ኅዳር 19

ቁልፌ፣ ስላቆየሁሽ ይቅርታ። ነጋዴውን ደብዳቤ እንዲያደርስ እንጂ እንዲሰልለኝ አልላክሽውም ብዬ አምናለሁ። ዓይኔ ውስጥ ገብቶ የነበረው አቧራ ነው። ወጥቷል።

ያንቺን ወረቀት አረምኩ። ስህተት የለበትም፤ 163 ላይ ብቻ የድርሻው አንድ እንደ ሰባት ይነበባል። ጭራውን አሳጥሪው።

አሁን የሚያስገርመኝን ልንገርሽ። አስራ ዘጠኝን ሠራሁ፣ 18 ቀረው። ሰባ አንድን ሠራሁ፣ 70 ቀረው። የእኔዎቹም አንድ አንድ ነው የጎደላቸው። ያንቺን 13 እና 23 አመጣሁና ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ከዚያ መቀመጥ አልቻልኩም። ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት ስመላለስ፣ ታች ያለችው ጎረቤቴ ጣሪያዋን በመጥረጊያ እንጨት አንኳኳችብኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ በቁጥራችን ላይ አንድ ብትጨምሪበት፣ 2፣ 3፣ 13፣ 19፣ 23 እና 71 ሁሉም ያካፍሉታል። ሦስትን ሁለቴ አድርገሽ ሁሉንም እርስ በርስ ብታበዢያቸው 7,260,318 ራሱ ይመጣል፤ ሌላ ምንም አይተርፍም። እንዲህ ተበጣጥሶ የሚያልቅ ቁጥር ከእኛው ቁጥር አጠገብ ተቀምጧል።

ከአባባ መኪና ቀጥላ ከፋብሪካ የወጣችው የማን ቤት ገብታ ይሆን? የዚያ ሰፊ ልጆች ጠመኔውን ሳይጨርሱ ወጥተው ተጫውተዋል።

ይህን ስጽፍ መስመሩን የሳትኩት ወረቀቱ መጥፎ ስለሆነ ነው።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 23

ጋሼ፣ አይ፣ ክፍሉን አላስቀባሁም። እንዳዘዙኝ እየጠበቅኩ ነው። በሩን ብቻ አስጠግኛለሁ፤ እሱ ቀለም አይደለም።

ወረቀቶችዎ ደረሱኝ። በዘጠኝ አንድ በአንድ ፈተንኳቸው፣ ሁሉም ገጠሙ። ግን ድሮ በአንድ ገጽ ላይ ሠላሳ መስመር ይጽፉ የነበሩት ሰውዬ አሁን ስምንት ይጽፋሉ። አንዱ 3 ብቻውን የእኔን አውራ ጣት ያክላል። አቧራ አይሉኝ። ልጠይቅዎት አልፈልግም፤ ያየሁትን ነው የጻፍኩት።

እኔ 1,500 አልፌያለሁ። ምንም የለም። መጀመሪያ ላይ በየቀኑ ዛሬ ይገኛል እያልኩ ነበር የምነሣው። አሁን ደብተሩን የምከፍተው ሌላ ሥራ ሁሉ ሲያልቅብኝ ነው። ይህ ቁጥር ብቸኛ ቢሆንስ? ቃል ገብቻለሁ፤ እስኪሞቱ ድረስ ላላነሣው። እዚያ ደረጃ ላይ ይወድቃሉ፣ እኔ እዚህ አፌን ዘግቼ ልብስ እሰፋለሁ።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ባለፈው ሳምንት 1,483ን ስሠራ 1,032 ቀረ። እርሳሴን ይዤ ቀሪው ላይ ዜሮ ልጽፍ ቃጣኝ። ከዚያ እርስዎ እንደሚያርሙት ትዝ አለኝና ተውኩት። ባያርሙት ኖሮ ግን እጽፈው ነበር።

ቁልፌ


ጥር 28

ቁልፌ፣ ነጋዴው ኩላሊቱን አሞታል ብሎሽ ከሆነ፣ እሱ አይደለም፤ ሐኪም ዘንድ የሄድኩት ለሌላ ነገር ነው። እሱ አልቋል።

ዜሮውን አለመጻፍሽ ደግ አደረግሽ። የሐሰት ቁጥር አንዱ ሌላውን ይጠራል፤ ድርሻውንም መቀየር ነበረብሽ።

ፊደሌ የተለቀው አሠራሬን ስለለወጥኩ ነው። ትምህርት ቤቱ የጣለውን ጥቁር ሰሌዳ አስመጥቼ ግድግዳው ላይ ሰቅያለሁ። ቁጥሩን ስንዝር ስንዝር አድርጌ በጠመኔ እጽፋለሁ፣ ቆሜ አካፍላለሁ። ለወገቤ ጥሩ ነው። ቤቱ ግን አቧራ ሆኗል፤ ሳስነጥስ ጎረቤቴ ከታች ይማርዎ ትላለች።

ሥራ ያስተማረኝን አለቃችንን ታስታውሺዋለሽ? ትልቅ ጆሮ የነበረው። ጮክ ተብሎ ሲነበብለት የጠፋች ነጥብ የሚሰማ ሰው ነበር። በመጨረሻ ዓይኑ ጠፋና ልጁ ቤት ገባ። ጥሩ ልጅ ናት፣ የምታከብረው። ልጠይቀው ሄድኩ። ቤቱ ሲጠረግ ከነወንበሩ አንሥተው ወደ ግድግዳው አስጠጉት። ሲጨርሱ መልሰው አመጡት። አላማረረም። አዲስ ነገር አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ፣ ምንም የለም አልኩት። ከዚያ በኋላ አልሄድኩም።

ከ1,901 እስከ 2,309 ያሉትን ልኬያለሁ። የቀሩኝ ጥቂት ናቸው። የሚገኝ አይመስለኝም።

ወንድምሽ


የካቲት 27

ጋሼ፣

ድርሻዬን ጨረስኩ። በ3 እና በ7 የሚያልቁት እስከ 2,693 ድረስ፣ አንድም የለም። ባለፈው ሐሙስ ነው የጨረስኩት። ደብተሩን ዘግቼ ቁልፍ ስቀይር ዋልኩ፤ ስፌት ቤቱ ውስጥ ማንም አላናገረኝም። የእርስዎን የመጨረሻ ወረቀት አላረምኩትም ነበር። ፈራሁት። ትናንት ግን ሥርዓት ሥርዓት ነው ብዬ አወጣሁት።

ሦስት መስመሮችን እንዳሉ እገለብጣለሁ።

2,129። ድርሻ 3,410። ቀሪ 427።
2,131። ድርሻ 3,407። ቀሪ 614።
2,141። ድርሻ 3,391። ቀሪ 186።

በዘጠኝ ፈተናው የላይኛው ስምንት መጣ። የታችኛው ስምንት መጣ። መካከለኛው አንድ። የእኔ ስህተት ነው ብዬ ደገምኩት፣ አንድ። ጠመኔ ተደምስሶ ነው አልኩ። ከዚያ ማካፈሉን ትቼ ማብዛት ጀመርኩ። ሦስት ሺህ ጊዜ፣ 6,393,000። አራት መቶ ጊዜ፣ 852,400። ሰባት ጊዜ፣ 14,917። ደመርኩ። ምክንያቱን ሳልነግረው ቆራጩንም አስደመርኩት። ያገኘውን አንብብልኝ አልኩት። ሰባት ሚሊዮን ሁለት መቶ ስልሳ ሺህ ሦስት መቶ አስራ ሰባት አለ፤ ብሎም፣ እትዬ ይህ እኮ የአሮጌዋ መኪና ቁጥር ነው አለኝ።

ጋሼ፣ ምንም አይቀርም።

ያላወቁ እንደሆነ ብዬ ላስብ ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም። ሌላው መስመር ሁሉ ትክክል ነው፤ ከዚያ በኋላ ያሉትም። ፊደሎቹ ቢወላገዱም ቁጥሮቹ ቀጥ ያሉ ናቸው። የተሳሳተው አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ እሱም ዜሮ መሆን የነበረበት ቦታ። ድርሻውን እንኳ አልነኩትም። ለእኔ ድርሻውንም መቀየር ነበረብሽ ብለው የጻፉልኝ እርስዎ ነዎት። ደግሞ የዘጠኝን ጉድለት ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። የዘጠኝ ብዜት መርጠው ቢጽፉ ኖሮ ወረቀቱን አጥፌ አስቀምጬው፣ እስኪሞቱ ዝም ልል ነበር።

አልቆጣም። ቁጣው ትናንት ነበር። ወረቀቱን መልሼ ልኬያለሁ። ከመስመሩ ጎን እርስዎ ማተሚያ ቤት በሙከራ ኅትመት ላይ ያደርጉት የነበረውን የእርማት ምልክት አድርጌበታለሁ፤ ቀይ እርሳስ አጥቼ በልብስ ጠመኔ ነው። ማረም የእርስዎ ነው። ካላረሙት አልመጣም፣ አልጎትትዎትም፣ ሰው አልክም።

ስለ ወንበሩ ግን ልንገርዎት። እኔ ቤት ወንበር የሚነሣው ተቀማጩ ራሱ ሲነሣ ነው። ክፍልዎ ከመግቢያው በስተግራ የመጀመሪያው በር ነው፤ ደረጃ የለውም፣ ደፍ ብቻ አለው። የአባባን መኪና ወደዚያ አስገብቻታለሁ። ቁጥሩ ተወቅሮ ነው የተጻፈው፤ ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ ሞከርኩት፣ ይነበባል። ስድስቱ ብቻ ትንሽ ያስቸግራል። ስፌት ቤቱ ውስጥ የትእዛዝ ወረቀት በየቀኑ ይሳሳታል፤ ባለፈው ሳምንት ለአስራ ሁለት ሸሚዝ ሃያ አንድ አንገትጌ ቆርጠናል። ጮክ ብሎ የሚያነብ ሞልቷል። የሚሰማ የለኝም።

ቁልፌ


መጋቢት 17

ቁልፌ፣

ይህን የምትጽፍልኝ ታች ያለችው ጎረቤቴ ናት፣ ጣሪያዋን የምታንኳኳው። ያንቺንም ያነበበችልኝ እሷ ናት። ወንበሩ ጋ ስትደርስ ቆመች፣ ቀጥዪ አልኳት።

ላልጠየቅሽኝ እመልሳለሁ። ግራ ዓይኔ ከጠፋ ዓመት ሊሞላው ነው። ቀኙ ብርሃንና ጥላ ይለያል። የስንዝሩን ጠመኔ እስከ ጥር ድረስ አየሁት፤ ከዚያ ወዲህ በቃሌ ነው የማካፍለው።

2,131 ላይ ስደርስ ገና አይ ነበር። ቀሪው ሲጠፋ ከሰሌዳው ራቅ ብዬ ቆምኩ። ከዚያ ወጥቼ ሃምሳ ሁለቱን ደረጃ ወረድኩ፣ መልሼ ወጣሁ። ሁለት ጊዜ። አባባ ወለሉ ላይ የጻፈልንን ጨርሼ ነበር፣ የምነግረው ሰው ደግሞ ነበረኝ፣ ግን ብነግርሽ መምጣት ሊኖርብኝ ነው። ሰሌዳው ላይ መጀመሪያ የጻፍኩት 612 ነበር። ስድስት፣ አንድ፣ ሁለት፣ ዘጠኝ። በፈተናሽ ያልፍ ነበር። ጠመኔውን አስቀመጥኩ። ተመልሼ መጣሁና ሁለቷን በእጅጌዬ ጠርጌ አራት አደረግኋት። ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ራሴን እየጠየቅኩ ነው፣ አርፌ አልተቀመጥኩም።

አውቶቡሱ ሐሙስ ጠዋት ይነሣል፣ ዓርብ ከሰዓት እዚያ ነኝ። ጎረቤቴ መናኸሪያ ድረስ ታደርሰኛለች። መውረጃው ላይ ነይ፣ ክንዴን ግን አትያዢኝ፤ እኔ ያንቺን እይዛለሁ።

ወረቀቱን አያይዣለሁ። 614ን ሰርዣለሁ። ጎረቤቴ ልጻፍልዎት ብላ እርሳሱን ልትቀበለኝ ነበር፣ አልሰጠኋትም። ከመስመሩ ወጥቷል፣ ጫፉም አልገጠመም ትለኛለች። እንደዚያም ሆኖ ዜሮውን የጻፍኩት ራሴ ነኝ።

ወንድምሽ